ማን መታሽ?

ዙፋን የሰው ልጅ በጥፊ መምታቷን የሰማችው በችፑድ ግድግዳ በኩል ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያደረው የሰኔ ዝናብ ትንፋሽ ሊወስድ ጋብ ብሏል፤ ጋብ ባይልማ ኖሮ ይህን ጉድ ሳትሰማው ትውል ነበር። ከግድግዳው ማዶ የወንድሟ ሚስት ሃይማኖት ድምጿን ዝቅ ለማድረግ እየሞከረች፣ ግን ንዴቱ እያሸነፋት ትናገራለች። «ጉንጯ እንዴት እንደቀላ እየው እስቲ! በግራም በቀኝም! እኔ እናቷ አምስት ዓመት ሙሉ እጄን አንስቼባት አላውቅም። ልጄ ታማብኛለች ተብሎ የሰው ልጅ እንዲህ በጥፊ ይማታል?» የዙፋን ታላቅ ወንድም ጌታሰው የመኪና ቁልፉን እያቅጨለጨለ «ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» አለ። «ትስማኛ!» አለች ሃይማኖት። ከዚያ ድምጿን አለስልሳ ወደ ልጇ ዞረች። «ነፂዬ፣ ማን መታሽ? አክስትሽ ናት?» ዙፋን እስትንፋሷን ይዛ ጠበቀች። «አዎ» አለች ነፃነት፣ ብስኩት ትፈልጊያለሽ ወይ የተባለች ያህል ተረጋግታ።

ዙፋን አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ቀኝ እጇን ገልብጣ አየችው። ትናንት የሆነውን ከመጀመሪያው አሰበችው። ነፂ ከአፀደ ሕፃናት ስትመለስ ነክሳ ያስተረፈችውን ብስኩት ይዛ፣ ንፍጧ ከንፈሯ ላይ ወርዶ፣ የዙፋንን ልጅ እድላዊትን «እድልዬ፣ እንካፈል» እያለች ዘው ብላ ገባች። ዙፋን ጉንፋኑ ለታመመችው ልጇ እንዳይተርፍ ፈርታ «ውጪ!» ብላ ጮኸች። እጇንም አንስታ ነበር፤ ይህን አትክድም። ያ የተነሳ እጅ ግን ያረፈው በሩ ላይ ነው፤ በልጅቷ ፊት ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ነፂ ውጭ ቆማ ስታለቅስም ሰምታታለች። ታዲያ አክስትሽ ናት ወይ ሲሏት አዎ ብትል ምን ይፈረድባታል? የአምስት ዓመት ልጅ ፊቷ ላይ የተዘጋውን በር ከጥፊ ለይታ አታውቀውም። ዙፋንን የገረማት ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ሳይመታት ጉንጯ የቀላው ከምን? ይህን ስታወጣ ስታወርድ፣ መትቻት ይሆን እንዴ እስከማለት ደረሰች። ሦስት ሳምንት በቅጡ ያልተኛ ሰው የገዛ እጁን ማመን ያቅተዋል።

እንቅልፍ የነሳቻት አጠገቧ ብርድ ልብስ ውስጥ የተኛችው ልጇ ናት። እድላዊት ሰባት ዓመቷ ነው። ሐኪሞቹ ሉኪሚያ የሚሉት የደም ካንሰር ከያዛት ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። የመጀመሪያውን ከባድ መንፈቅ ጅማ ሆስፒታል ተኝታ ጨረሰችው፤ ፀጉሯ ረገፈ፣ መልሶ በቀለ፣ በሽታውም ጠፋ ተባለ። ጠፋ ማለት ግን ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም፤ በየቀኑ የምትውጠው ክኒን፣ በየወሩ የጅማ ቀጠሮ አለባት። አባቷ እንግዳው ዳሪሙ በሚባለው የገጠር ወረዳቸው ቡናውንና በቆሎውን ይዞ ቀረ። እናትና ልጅ ለመንገዱ እንዲቀርባቸው ብለው መቱ መጡና ጌታሰው ግቢ ካለችው አንዲት ክፍል ገቡ። ክፍሏ ከዋናው ቤት በችፑድ ብቻ የተለየች፣ አልጋና ወንበር ከገባባት በኋላ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ናት። በገቡበት ቀን ሃይማኖት አዲስ አንሶላ አንጥፋ ጠበቀቻቸው፤ «እባክሽ አንቺ በይኝ፣ እኩያሽ ነኝ» ብላትም ነበር። ዙፋን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከ«እትዬ» እና ከ«እርስዎ» ፍንክች አላለችም። በሰው ቤት የሚኖር ሰው የቤቱን እመቤት አንቺ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

ጌታሰው በመቱና በጎሬ መካከል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ቀልዱም የመኪና ቀልድ ነው። ተሳፋሪው የሚሄድበትን ሲጠየቅ «መቱ» ካለ፣ ጌታሰው «ማንን?» ይላል። በቃ፣ ቀልዱ ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህችኑ አንዲት ቀልድ ይዞ ሰውን ሲያመላልስ ኖሯል፤ ሃይማኖት ገና ስትጀመር ፊቷን ታዞራለች። እድላዊት ግን የሰማች ዕለት ፈነደቀችባት። «አጎቴ፣ የት ነው የምትኖሪው በለኝ» ትለዋለች። «የት ነው የምትኖሪው?» «መቱ!» «ማንን?» ከዚያ እሷና ነፂ ወለሉ ላይ እስኪንከባለሉ ይስቃሉ። ይህ ሳቅ ከግቢው ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነው።

መጀመሪያ እድላዊትን የበረንዳውን ደረጃ መውጣት ደከማት። ቀጥሎ ከአልጋ መነሳት። ከንፈሯ ነጣ፣ መዳፏ ወረቀት መሰለ፣ ስትቀመጥ የልቧ ምት በሹራቧ ላይ ይታያል። ማንም ደፍሮ አልተናገረም እንጂ ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ያኔም እንዲህ ነበር የጀመራት። ዳሪሙ ጎረቤታቸው የነበረ አንድ ልጅ ይኸው በሽታ ተመልሶበት፣ አባቱ ከሐኪም ሐኪም ይዞት ሲንከራተት ከቤቱ ርቆ መንገድ ላይ ማረፉን እንግዳው በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ትናንት ማታ ሁለቱ ወንዶች በስልክ ተማከሩና ወሰኑ። እንግዳው ዛሬ ከሰዓት ይመጣል፤ ልጁን ወደ ቤቷ ይወስዳታል። ነገ የሰኔ ሚካኤል ነው፤ ጠበል ትጠጣለች፤ ከዚያ ወዲያ የእግዜር ፈቃድ። መርፌውም ክኒኑም ይብቃት። «ተመልሶባት ከሆነ ልጄን አታንገላቱብኝ፤ ቤቷ ትረፍ» ነበር ያለው፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ዙፋንም «እሺ» አለች። እሺ ያለችው አምናበት አልነበረም። የጅማው ቀጠሮ ስምንት ቀን ይቀረዋል፤ እዚሁ ሆስፒታል ብትወስዳት ደግሞ «አዎ፣ ተመልሷል» የሚሏት መሰላት። ያን ቃል በጆሮዋ ከምትሰማ ልጇን አቅፋ ዝም ብላ ብትሄድ መረጠች።

ዛሬ ጠዋትም ሻንጣ ልታስር ነበር የተነሳችው። ያችው የነፂ «አዎ» ናት ነገሩን የገለበጠችው። ያልሠራችውን ሠራሽ ተብላ፣ አንድ ቃል ሳትጠየቅ፣ በሌለችበት ተፈርዶባት! ደሟ ፈላ። እንደ ፈላም አንድ ሐሳብ መጣባትና ባለችበት አደረቃት። እኛስ በዚህች ልጅ ላይ የፈረድነው እንዴት ነው? ደሟን ማንም ሳያየው፣ ሐኪም ሳይጠየቅ፣ ፊቷ ነጣ ብለን ብቻ አይደለም ወይ? ዙፋን ስለ ራሷ ወጥታ መከራከር የምትችል ሴት አይደለችም። ስለ ልጇ ግን ተነሳች። ሻንጣውን አልጋ ሥር መልሳ ገፍታ እድላዊትን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አዘለቻት። የሰባት ዓመት ልጅ መታዘል ያሳፍራታል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ታጉረመርም ነበር። ዛሬ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ዝም አለች፤ ዙፋንንም ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይህ ነው።

ደጅ ስትወጣ ሃይማኖት በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ የነፂን ፀጉር ትጎነጉናለች። እውነትም የልጅቷ ሁለት ጉንጮች ፍም መስለዋል። ዙፋን ስታያቸው ሳትወድ በግድ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች። «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሃይማኖት ቀና ሳትል። የት ትሄጃለሽ የሚል የለም፤ እዚህ ልሄድ ነው የሚልም የለም። ጌታሰው ሚኒባሱን አስነስቶ ከወጣ ቆይቷል። ከበረንዳው እስከ ግቢው በር አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ ዙፋን ጭቃውን እየረገጠች፣ አንድ ሰው ይጠራኛል ብላ እየጠበቀች አለፈችው። የጠራቻት ነፂ ብቻ ናት። «እድልዬ፣ ቻው!» አለች፣ የተጎነጎነው ግማሽ ፀጉሯ እየተወዛወዘ። ፊቷ ላይ ቂም የሚባል የለም።

ባለባጃጁ እስከ ሆስፒታል ሃያ ብር፣ በዝናብ ግን ሠላሳ ነው አለ። የታዘለችውን ልጅ ፊት ካየ በኋላ ስለ ዝናቡ ደግሞ አላነሳም፤ ሃያዋን ብቻ ተቀብሎ ጭቃው እንዳይነካቸው ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ድረስ አስጠጋቸው። «ዋቀዮ ኢሼ ሃ ፈይሱ» አላት፤ እግዜር ይማራት ማለቱ ነው። «አሜን» አለች ዙፋን በአማርኛም በኦሮምኛም በሚሆነው ቃል። የሕፃናት ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ሴቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራሉ፤ አንዷ ኪሎው መቶ ገባ ስትል ሌላዋ ቲማቲም ከተውኩ ቆየሁ አለቻት። ሲስተር ገለኔ የምትባለው ነርስ በመካከላቸው ስታልፍ እድላዊትን አየቻትና ቆመች። የታችኛውን የዓይኗን ቆዳ ሳብ አድርጋ ተመለከተች። ካርዱን ከሁሉም በላይ አደረገችው፤ ከሴቶቹም ተራዬን ያለ አልነበረም። ደሙን ለምርመራ ስትቀዳም እድላዊት አላለቀሰችም። መርፌ የለመደች ልጅ ናት። ቱቦዋ ስትሞላ በጥሞና ተመለከተቻትና «እማዬ፣ አሁንም ቀይ ነው አይደል?» አለች። «ቀይ ነው የኔ እናት» አለች ዙፋን። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዶክተር ጅራታ ረጅም ወጣት ነው፤ የጋዋኑ ኪስ በከረሜላ ብዛት ወደ ታች ተጎትቷል። ውጤቱን ባየ ጊዜ ቅንድቡ ተሰበሰበ። ጤነኛ ልጅ አሥራ ሁለት የሚኖራት የደም መጠን እድላዊት ዘንድ አራት ነጥብ ሁለት ነው። «ይህች ልጅ በዚህ ደም ቁጭ ማለቷም ያስመሰግናታል» አለና ደም እንዲዘጋጅላት አዘዘ። ቀጥሎ የጅማውን ደብተር ከዳር እስከ ዳር አገላበጠና ላብራቶሪ ገብቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ቆየ። ዙፋን ያን ግማሽ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈችው እሷም አታውቅም። ልጇ እቅፏ ውስጥ አንቀላፍታለች፤ እሷ በሩን ታያለች። በሩ ሲከፈት የሚመጣውን ቃል ታውቀዋለች፤ ሁለት ዓመት ስትሸሸው ነበር። እንግዳው ልክ ነበር፣ ምነው ባልመጣሁ አለች በሆዷ። ተነስታ ለመውጣት እንኳ አንዴ ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ነበር።

ዶክተሩ ሲመለስ «ማል ጄታ?» ብሎ በኦሮምኛ ጀመረ፤ እንዴት ነሽ እንደማለት። ዙፋን ዳሪሙ ያደገች ናትና ወሬው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እየዘለለ ቀጠለ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ አለ?» «አለች፣ የወንድሜ ልጅ።» «ሰሞኑን አሟታል? ትኩሳት፣ ጉንፋን፣ ሽፍታ?» ዙፋን «ንፍጧ መቼ ደርቆ ያውቃል» አለች። ስለ ጉንጩ ግን ትንፍሽ አላለችም። ጉንጩ እኮ ለእሷ በሽታ አይደለም፣ ክስ ነው። ለማያውቃት ሐኪም የሰው ልጅ መትተሻል ተብያለሁ ብላ ምን ልታወራ? «ሽፍታ የለባትም» አለች።

ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫረና ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ሰሞኑን ከተማው ውስጥ አንድ ቫይረስ ይዞራል። ልጆቹን እምብዛም አያማቸውም፤ ትንሽ ጉንፋን፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ከዚያ ሁለቱ ጉንጮቻቸው ቅላት ነው። ልክ አንድ ሰው ግራ ቀኝ በጥፊ እንዳላሳቸው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት አስተማሪዋ ልጄን መታችብኝ ብላ፣ የሐኪም ማስረጃ ጻፍልኝ ብላኝ...» ነገሩን አልጨረሰውም፤ ዙፋን ልጇን እንዳቀፈች ብድግ ብላለች። «እኔ ነኝ!» አለች። «ምኑ?» አለ ግራ ገብቶት። «እኔ ነኝ የመታኋት! ማለቴ እኔ ነኝ መታች የተባልኩት! ዛሬ ጠዋት! ሁለቱም ጉንጮቿ!» ሳቅም ለቅሶም ባንድ ላይ መጣባት፤ የቱን እንደምታስቀድም ጠፋት። ዶክተሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ኋላ ነገሩ ሲገባው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «በይ አሁኑኑ ደውይ። ያችን ልጅ ልያት።»

የዙፋን ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ቀይ መስመር ላይ ደርሷል። ሃይማኖት ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ ዛሬ ግን ነፂን አፀደ ሕፃናት ሳትሰድ ቢሮ ይዛት ገብታለች። ስልኩ ሲነሳ ዙፋን ሰላምታ እንኳ አላቀረበችም። «ሃይማኖት፣ ነፂን ይዘሽ ሆስፒታል ነይ። ሐኪሙ ጉንጯን ማየት ይፈልጋል። ቶሎ በይ!» አለች፤ ስልኩም ጠፋ። ማዶ ያለችው ሃይማኖት ጆሮዋ ላይ የቀረው ጉንጭ የሚለው ቃልና ያ «ነይ» ነው። እትዬ የለም፣ እርስዎ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ በይኝ እያለች ስትለምናት የኖረችው ሴት ዛሬ አንቺ ስትላት፣ ጠብ ነው አለች። ከስሳኛለች፣ በሐኪም አስመርምራ ውሸታም ልታደርገኝ ነው አለች። የመጣችውም እንደዚያው ከንፈሯን ነክሳ፣ የነፂን እጅ ጨብጣ፣ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ ነው። «በቤታችን የምንጨርሰውን ነገር እዚህ ድረስ ማምጣት ምን ያስፈልግ ነበር?» አለች ገና ከበሩ።

ዶክተር ጅራታ ነፂ ፊት ተንበርክኮ ከረሜላ ሰጣትና ጉንጮቿን በጣቱ ጀርባ ዳሰሰ። «ማን መታሽ?» አላት። «አክስቴ» አለች ነፂ ከረሜላውን እየላጠች። «በምን መታችሽ?» «በበር።» ዶክተሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበው። ክንዷ ላይ ከላይ እስከ ታች፣ የነጠላ ጥልፍ የመሰለ ቀጭን ቀይ መረብ ተዘርግቷል። ሌላውም ክንዷ እንዲሁ። ቀሚሷን ገለጥ ሲያደርግ ጭኗም እንዲሁ። «እትዬ፣» አላት ሃይማኖትን በትህትና፣ «ይህን ሁሉ ቦታ በጥፊ የሚመታ ሰው ብዙ እጅ ያስፈልገዋል።» ሃይማኖት የልጇን ክንድ ይዛ ቀረች። ጠዋት ፀጉሯን ስትጎነጉን፣ ሹራብ ስታለብሳት፣ ጉንጩን ብቻ ነው ያየችው። ቀና ብላ ዙፋንን ለማየት ሞከረች፣ አልሆነላትም።

ዶክተሩ ለሁለቱም በቀላል አማርኛ አስረዳቸው። የሰው ቀይ ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። ይህ ቫይረስ ሄዶ ሄዶ የሚያጠቃው ያንን የቀይ ደም ፋብሪካ ነው፤ ገብቶ ሠራተኞቹን በትኖ በሩን ይዘጋዋል። እንደ ነፂ ያለች ጤነኛ ልጅ ሰውነቷ ባጭር ጊዜ አባርሮ ያስወጣዋል፤ ፋብሪካው መዘጋቱን እናቷም አታውቅ። እድላዊት ግን ካንሰሩ እንዳይመለስ የምትውጠው መድኃኒት በሽታ የሚከላከሉላትን የሰውነቷን ዘበኞች አድክሞባታል። ቫይረሱን የሚያስወጣላት የለም፤ ሳምንታት ይቀመጣል፤ ደሟም እያለቀ ይሄዳል። «በማይክሮስኮፕ የተመለከትኩት ለዚህ ነው። አዲስ የሚወለድ ቀይ ሕዋስ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ያንን የካንሰሩን ሕዋስም ፈለግሁ።» ዙፋን የብርድ ልብሱን ጫፍ ጨበጠች። «እሱንም አጣሁ» አለ።

ጅማ ላሉት ሐኪሞች ደውሎ ነበር፤ እነሱም ሐሳቡን ተቀብለውታል። ክኒኑ ለጊዜው ይቁም፣ ደም ዛሬውኑ ይሰጣት፣ ቀጠሮዋ ሲደርስ ቫይረሱን የሚለየው ምርመራና የመቅኒው ምርመራ ይደረግላታል። «እዚህ ያን መመርመሪያ የለንም፤ ስለዚህ መቶ በመቶ ብዬ አልምልልሽም» አላት። «ግን ልቤ ወዴት እንደሚያደላ ብትጠይቂኝ፣ አልተመለሰም።» ዙፋን ይህችን የመጨረሻዋን ቃል በውስጧ ደጋገመቻት፣ እንዳትጠፋባት። ሃይማኖት ግን ሌላ ነገር ነው የሰማችው። «እንግዲያው የኔ ልጅ ናት ያስያዘቻት?» አለች፤ ድምጿ በጭንቅ እየተሰማ። ዶክተሩ ማን ከማን እንደያዘ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ ቫይረሱ ከገበያም ከቤተክርስቲያንም ሊመጣ እንደሚችል፣ ሽፍታው አንዴ ከወጣ ደግሞ ነፂ እንደማታስተላልፍ ነገራት። እሷ ግን የሐኪሙን ፊት አልነበረም የምታየው። ዙፋን ልብ ብትላት ኖሮ ይህች ሰዓት የመበቀያ ሰዓት ነበረች፤ ጠዋት በግድግዳ የሰማችውን ሁሉ ባንድ ቃል መመለስ ትችል ነበር። እሷ ግን «አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?» አለቻት። «ጉንፋን ፈጥረሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» ሃይማኖት «አንቺ» የሚለውን ሰማች፤ አሁን ጠብ አለመሆኑን አወቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ደም ከተገኘ በኋላ ሲስተር ገለኔ የቤተሰቡ ሰው ቢለግስ ለሌላው ልጅ ይሆናል ስትል ሃይማኖት ክንዷን እየገለጠች ከሁሉ ቀድማ ተነሳች። እድላዊት ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ተኛች፤ ቀዩ ከረጢት ከአናቷ ተሰቅሎ ጠብታው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ውጭ ዝናቡ ተመልሶ መጣ።

እንግዳው የደረሰው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከጌታሰው ጋር ገባ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ በብብቱ ልጁን የሚጠቀልልበት አዲስ ጋቢ። ቤት ሄደው ባዶ ሆኖ ሲያገኙት ደውለው ከሃይማኖት የሰሙት ሆስፒታል ነን የሚለውን ብቻ ስለነበር መንገዱን ሁሉ ክፉ ክፉውን ሲያስቡ መጥተዋል። ከረጢቱን ሲያይ ባለበት ቆመ። «ምን አሉ?» አለ። ዙፋን ነገረችው፤ ስለ በሩ፣ ስለ ጉንጩ፣ ስለ ፋብሪካው፣ ተደበላልቆባት ከመጨረሻው ጀምራ ነገረችው። ከሁሉ የገባው አንዱ ብቻ ነበር። «አልተመለሰም?» «ገና ጅማ ይታያል። ሐኪሙ ግን አልተመለሰም ባይ ነው።» እንግዳው ጋቢውን ዘርግቶ የልጁ እግር ላይ ጣል አደረገውና በእጁ ዳር ዳሩን ሲያስተካክል ቆየ፤ የሚስተካከል ነገር ካለቀ በኋላም ያስተካክላል። ሳትነግሪኝ ለምን መጣሽ አላላትም። ቢላትም መልሱ በእጇ ነበር።

ከረጢቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነፂ ከአልጋው ግርጌ ተንጠራርታ የእድላዊትን ፊት ትመለከታለች። ለጉንፋኗ የተሰጣት ማስክ አገጯ ላይ ወርዷል። ሦስት ሳምንት ወረቀት መስሎ የከረመው ፊት ላይ፣ መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ቀጥሎ ጉንጩ፣ ቀላ ማለት ጀምሯል። ትልልቆቹ እንዳይጠፋባቸው ፈርተው ነው መሰለኝ ያዩትን እርስ በርስ አልተነጋገሩም። ነፂ ግን ጉንጭ ሲቀላ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ዛሬ በደንብ ተምራለች።

«እድልዬ፣» አለች፣ «አንቺን ደግሞ ማን መታሽ?»

ሃይማኖት የጥጥ ቁራጭ የተለጠፈበትን ክንዷን አቅፋ አንገቷን ደፋች። እድላዊት ዓይኗን ገለጠች። ነፂን አየች፣ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ የቆመውን አጎቷን አየች፤ ትንሽ አሰበች። የከንፈሯ ጥግ ወደ ላይ ሳብ አለ።

«መቱ» አለች።

ሁሉም ወደ ጌታሰው ዞረ። ሃያ ዓመት አንድም ቀን ሳያሳልፍ የተናገራት ቃል ናት፤ አፉን ከፈተ፣ አልወጣ አለው። እድላዊት ትጠብቃለች። ያኔ ከወንበሩ ላይ፣ ይህችን ቀልድ በሰማች ቁጥር ፊቷን ታዞር የነበረችው ሃይማኖት፣ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ቀና አለች።

«ማንን?» አለች።